ብቻዬን ቺካጎ ቤዚን ልወጣ ነው ላለ ወንድም

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። 34 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ታቦር ነው፤ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ባለፉት ሁለት ሰመሮች ከጓደኞቼ ጋር ቢርስታትና ኤልበርት የሚባሉትን ተራሮች ወጥቻለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነበሩ። በመጪው ኦገስት ግን ዱራንጎ ከተማ አንድ ሌሊት አድሬ፣ በባቡር ሄጄ፣ ድንኳኔን ተሸክሜ ብቻዬን አራት ቀን ሳን ኋን ተራሮች ውስጥ ያለው ቺካጎ ቤዚን የሚባለው ሸለቆ ልሰፍርና ዊንደም፣ ሰንላይትና ኢዮለስ የሚባሉትን ሦስት ጫፎች ልወጣ አስቤያለሁ። ጓደኞቼ እረፍት አያገኙም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብቻዬን መሆን ፈልጌያለሁ። ባለቤቴ አብደሃል ትለኛለች። እኔ ደግሞ የደጋ ልጅ ስለሆንኩ ከፍታው ብዙም አይከብደኝም ባይ ነኝ። ምን ምን ዕቃ ልያዝ? ከሦስቱስ የቱን ላስቀድም?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ምክንያቱን ላስከትል። መሄድ ትችላለህ። ዊንደምን አስቀድም፤ ኢዮለስን ሰማዩም ጉልበትህም ከፈቀዱ ሞክር፤ የሰንላይትን የመጨረሻ ድንጋይ ግን በዚህኛው ጉዞ ተወው። አንተም አላበድክም፣ ባለቤትህም አልተሳሳተችም። ክርክራችሁን የሚያበርድ አንድ ወረቀት አለ፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ ኮሎራዶ ውስጥ ሰው እየመራሁ ተራራ መውጣት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት በአንድ የፍለጋና የነፍስ አድን ቡድን ውስጥ በፈቃደኝነት አገልግያለሁ። ብቻውን ወጥቶ የቀረ ሰው ፍለጋ የወጣሁበት ሌሊት ብዙ ነው። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ዕቃ ጎድሎት የተቸገረው ጥቂቱ ነው፤ እንዲያውም አንዳንዱ ከእኛ ከፈላጊዎቹ የተሻለ ዕቃ ነበረው። ያጡት «በቃ፣ እንመለስ» የሚላቸውን ሰው ነው። ሁለት ሆናችሁ ስትወጡ አንዱ ያላየውን ደመና ሌላው ያያል። አንዱ እልህ ሲይዘው ሌላው ይፈራል። አንዱ ምላሱ መተሳሰር ሲጀምር ሌላው ይሰማል። ብቻህን ስትሆን ይህን የሚያደርግልህ የለም። ስለዚህ ሁለተኛውን ሰው አሁን ቤትህ ቁጭ ብለህ፣ ሻይህን እየጠጣህ፣ ጭንቅላትህ በቂ አየር እያገኘ ሳለ ነው የምትሠራው። ከዚህ በታች የምጽፍልህ አብዛኛው ያንን ሰው ስለመሥራት ነው።

ከደጋ ልጅነትህ ልጀምር፤ ይህን ከሀበሻ ደንበኞቼ ሁሉ እሰማዋለሁ፣ ድሮ እኔም እል ነበር። መሠረት የለውም አይባልም። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ሰሜን ተራሮች ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ ነበር። ሄሞግሎቢናቸውም (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር)፣ ደማቸው የተሸከመው ኦክስጅንም፣ ባሕር ጠለል አካባቢ ከሚኖር ሰው ብዙም ሳይለይ ተገኘ። እዚያው ከፍታ ላይ የአንዲስ ተራሮች ሰው ሄሞግሎቢኑ ይበዛል፤ የቲቤት ሰው ደግሞ ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። የእኛዎቹ ሁለቱም አልታየባቸውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን እነዚያ ሰዎች እዚያው የተወለዱ፣ ሁልጊዜም እዚያው የሚያድሩ ናቸው። አንተ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተኛኸው 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደብረ ታቦርም ራሷ 2,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ ቺካጎ ቤዚን ድንኳን የምትተክልበት ሜዳ 3,350 ሜትር ነው። ሰውነት የለመደው ከፍታ ባንክ እንደተቀመጠ ገንዘብ አይጠብቅህም፤ ቆላ በወረድክ በሳምንታት ውስጥ ተመዝዞ ያልቃል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ኮሎራዶ ውስጥ ካለው ከየትኛውም ተራራ ይበልጣል፤ ትልቁ ኤልበርት እንኳ 4,400 ገደማ ነው። ይህን ለፈረንጅ ጓደኞችህ መንገር ደስ ይላል፤ ለሳንባህ ግን የሚጨምርለት ነገር የለም።

ኤልበርትን ደህና ሆነህ ወጣሁ ማለትህም አያታልልህ። በዚያን ቀን ራስህን ቢያምህ ማታ ኦሮራ አልጋህ ላይ ነበርክ። የከፍታ ሕመም ብዙ ጊዜ ከደረስክ ከስድስትና ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው ብቅ የሚለው፤ ዋናውም ነገር ቀን የወጣህበት ጫፍ ሳይሆን ሌሊት የተኛህበት ቦታ ነው። የተራራ ሐኪሞች ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆን የምታድርበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አታድርግ የሚል ነው። አንተ ግን ከኦሮራ ተነሥተህ ዱራንጎ አንድ ሌሊት አድረህ በማግስቱ 3,350 ላይ ልትተኛ ነው። ዱራንጎ 2,000 ሜትር እንኳ አትሞላም። ስለዚህ ሁለት ቀን ጨምርና ሁለት ሌሊት ሲልቨርተን እደር፤ ከተማዋ 2,840 ሜትር ላይ ናት። በመካከሉ ያለውን ቀን አካባቢዋን በእግር እየዞርክ ዋል፤ በሦስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ በመኪና ዱራንጎ ወርደህ ባቡሩን ተሳፈር። የእረፍት ቀንህ አራት ብቻ ከሆነ ከሁለት ጫፍ አንዱን ቀንስ እንጂ ሲልቨርተንን አትቀንስ። ዳያሞክስ የሚሉት መድኃኒት ይረዳል፤ ግን በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነው፤ የሰልፋ አለርጂ ካለብህ ደግሞ ሳትነግረው እንዳትቀር።

ድንኳንህ ጋ ከደረስክ በኋላ ጠዋትና ማታ ራስህን መርምር። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ውሃ ጠጣ፣ ብላ፣ እረፍ። በላዩ ማቅለሽለሽና መዛል ከተጨመረ በዚያን ቀን ወደ ላይ አትሂድ። ቁጭ ብለህ እያረፍክ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ወይም የማይለቅ ሳል ከጀመረህ፣ ሳንባህ ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። መሬት ላይ ቀጥ ያለ መሥመር በዱላ አስምርና ተረከዝህን ከጣትህ እያገጣጠምክ አሥር እርምጃ ሂድ፤ እንደ ሰከረ ሰው ካንገዳገደህ አንጎልህ ተነክቷል ማለት ነው። ከሁለቱ ምልክቶች አንዱ እንኳ ከታየ ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን ትወርዳለህ፤ ድንኳኑን እዚያው ተወው። ይህን በስልክህ ላይ ሳይሆን በካርድ ጽፈህ አንገትህ ላይ አንጠልጥለው። አንጎሉ ያበጠ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ይምላልና በዚያን ሰዓት የሚያስብልህ ያ ካርድ ነው።

ስለ ወቅቱ ደግሞ። እኛ እዚህ አገር ስኖውን ክረምት ማለት ለመድን እንጂ፣ ሳን ኋን ተራሮች ላይ የአገራችን ክረምት ነው ሐምሌና ነሐሴ የሚመጣው። ከጁላይ መጀመሪያ ወይም አጋማሽ ጀምሮ እስከ ኦገስት መጨረሻ ከደቡብ የሚገባ እርጥብ አየር ጠዋት ንጹሕ የነበረውን ሰማይ እስከ ቀትር ያጠቁረዋል፤ ከቀትር በኋላ መብረቅና በረዶ ነው። በየቀኑ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቀኑ በእጅህ ከሆነ ወደ ሴፕቴምበር አሻግረው፤ ከሌበር ዴይ በኋላ፣ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ውሃህ በረዶ ሠርቶ ልታገኘው ትችላለህ፤ ሰማዩ ግን ይረጋጋል፣ ሰውም ይቀንሳል። ከቲኬትህ በፊት ባቡሩ በዚያ ሰሞን አንተ በምትወርድበት በኒድልተን የሚያቆምበትን ቀን አረጋግጥ። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ የምትጾም ከሆነ ኦገስት ላይ ፍልሰታ አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ 4,000 ሜትር ላይ ብቻን ቋጥኝ መውጣት አልመክርህም። ነገሩን ለነፍስ አባትህ መንገር ያንተ ድርሻ ነው፤ ለእኔ ግን ቀኑን ማሻገሩ ይቀላል።

ኦገስትም ሆነ ሴፕቴምበር ግን የመመለሻ ሰዓት ይኖርሃል። ሌሊት 10 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 4፣ በግንባር ባትሪ ትነሣለህ። ረፋድ 5 ሰዓት ሲሆን የትም ሁን የት ፊትህን ወደ ታች ታዞራለህ። ጫፉ አሥር እርምጃ ቢቀረውም።

አሥር እርምጃ ያልኩት በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ ሳን ኋን ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ የመመለሻ ሰዓቴም ይኸው 5 ሰዓት ነበር። 5 ሰዓት ሲሞላ አናቱ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ሃያ ደቂቃ ምን አላት አልኩ። ደመናው በምዕራብ በኩል ገና ሩቅ ነው፣ ነጭ ነው፣ ጥጥ ይመስላል። አናቱ ላይ ደርሼ ብርቱካን መላጥ ጀመርኩ። ግማሹን ሳልልጠው ከቦርሳዬ ጎን ያሰርኩት የብረት ዱላ እንደ ተነካ ቀፎ ማጉረምረም ጀመረ። መጀመሪያ ዝንብ መስሎኝ በእጄ አባረርኩ። ከዚያ የክንዴ ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ባርኔጣዬ ሥር ያለው ራስ ቆዳዬ እንደ ጉንዳን ወረረኝ። ብርቱካኑንም ዱላውንም ጥዬ ኮረቱን በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። መብረቁ የወደቀው ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከወረድኩ በኋላ ነው፤ የት ላይ እንደወደቀ ለማየት ዞር አላልኩም። ሱሪዬ ተቀዶ፣ ሁለቱም መዳፎቼ ተልጠው፣ ዛፍ ያለበት ስደርስ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ብዙ ተቀመጥኩ። ሰው አብሮኝ ቢሆን ኖሮ 5 ሰዓት ላይ «እንመለስ» ይለኝ ነበር። ሰዓቱንማ እኔም አውቄው ነበር። ግን በልቤ ብቻ ስለያዝኩት ከራሴ ጋር ተደራደርኩበት። አሁን የመመለሻ ሰዓቴን ለሚስቴ እነግራታለሁ፤ ማታ በሳተላይት «በስንት ሰዓት ዞርክ?» ብላ ትጠይቀኛለች። ለእሷ መዋሸት ለራሴ ከመዋሸት ይከብደኛል።

መንገዱን ልንገርህ። ባቡሩ ከዱራንጎ ሲልቨርተን የሚሄደው ጠባብ ሐዲድ ነው፤ ከማዕድኑ ዘመን፣ ከ1882 ጀምሮ ያለ ነው። የአኒመስን ወንዝ ተከትሎ በገደል አፋፍ እያዘገመ ይወስድህና ኒድልተን ላይ ያወርድሃል። ጣቢያ እንዳትጠብቅ፤ ዛፍ፣ ወንዝና የእግር ድልድይ ነው ያለው። ቦታው 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ኒድል ክሪክ የሚባለውን ጅረት ይዘህ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለህ፤ ዳገቱም 850 ሜትር ገደማ ነው። ሸክምህ ከ15 ኪሎ ካልበለጠ አራት አምስት ሰዓት ይበቃሃል። ባቡሩ ማንንም አይጠብቅምና የመመለሻ ቦታህን አስቀድመህ ያዝ፤ ከሰዓቱ ቀድመህ ሐዲዱ ዳር ቁም። ያመለጠው ሰው በዚያ ሌሊት እዚያው ነው የሚያድረው፤ ለዚህ የአንድ ቀን ትርፍ ምግብ ቦርሳህ ሥር ይኑር።

ቤዚኑ የዌሚኑች ጥብቅ ዱር አካል ነው፤ በ1975 የተከለለና በኮሎራዶ ትልቁ ነው። በዚህ ሸለቆ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፣ ደረቅም ቢሆን እርጥብም ቢሆን፤ የጋዝ ምድጃህን ብቻ ትጠቀማለህ። ከላይ ያሉት ሁለቱ ሐይቆች፣ ትዊን ሌክስ፣ ጋ ድንኳን መትከል አይፈቀድም፤ ታች ሜዳው ላይ ከውሃ ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ርቀህ ስፈር።

እንግዲህ ከድንኳንህ እስከ ትዊን ሌክስ ወደ 450 ሜትር ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ሐይቆቹ ከ3,800 ሜትር በላይ ናቸው፤ እዚያ ስትደርስ ጎህ ሲቀድ ከሆነ ሰዓትህን ጠብቀሃል። ቀኝ እጅህ ላይ ዊንደምና ሰንላይት ተያይዘው፣ ግራህ ላይ ኢዮለስ አለ። ሦስቱም ከ4,280 ሜትር በላይ ናቸው።

ዊንደም ለአንተ የተሠራ ነው። ከሐይቆቹ በስተምሥራቅ ወዳለው ጎድጓዳ ትገባና በስተቀኝ ወዳለው ኮርቻ (በሁለት ጫፎች መካከል ዝቅ ያለው ቦታ) ወጥተህ ሸንተረሩን ትይዛለህ። መጨረሻ ላይ እንደ ቤት የሚያካክሉ ቋጥኞች አሉ፤ እጅ ይፈልጋሉ እንጂ የሚያስፈራ ገደል የለባቸውም። አንዳንዱ ቋጥኝ ሲረገጥ ይናጋልና ክብደትህን ከመጣልህ በፊት በእግርህ ፈትነው። ብቻውን ለሆነ ሰው ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው፤ ገደሉን ሁሉም ይጠነቀቅለታል፣ የተናጋ ድንጋይ መካከል የሚሰበር ቁርጭምጭሚት ግን ማንም አይታሰበውም። ከሰው ጋር ብትሆን ቁርጭምጭሚት የአንድ ቀን ችግር ነው፤ ብቻህን ስትሆን ሌሊቱን ውጭ ማደር ነው። ስለዚህ ወደ ጫፉ የምትይዘው ትንሿ ቦርሳ ውስጥ የዝናብ ልብስ፣ የወፈረ ጃኬት፣ የአሉሚኒየም ብርድ ልብስና የሳተላይት መልእክት መላኪያህ ይኑሩ፤ ፀሐዩ ቢያታልልህም አታውጣቸው።

ኢዮለስ ሌላ ነገር ነው። ወደ ኮርቻው ከወጣህ በኋላ ካትዎክ የሚሉት ጠባብ ሸንተረር አለ፤ ስፋቱ አንዳንድ ቦታ ከጠባብ ኮሪደር አይበልጥም፤ ግራና ቀኙ ባዶ ነው። ድንጋዩ ጽኑ ነው፣ አይከብድም፤ የሚከብደው ማየቱ ነው። ካትዎኩን አልፈህ በመደርደሪያ መሳይ ድንጋዮች ላይ መንገድህን እየፈለግህ ትወጣለህ፤ እዚያ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። ኮርቻው ላይ ስትደርስ ቁጭ ብለህ አንድ ነገር ብላና ካትዎኩን እየው። ሆድህ ካልወደደው ኖርዝ ኢዮለስ እዚያው ካለህበት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሱን ወጥተህ ተመለስ። አየሩ ወይም ነፋሱ ከተበላሸም እንዲሁ።

ሰንላይትን ተወው ያልኩህ በንቀት አይደለም። እስከ አናቱ ሥር ድረስ፣ ድንጋዩ ልል የሆነውን ቀዩን ሸለቆ ታግሠህ ካለፍክ፣ ብቻህን መሄድ ትችላለህ። የመጨረሻው ግን አንድ ቋጥኝ ነው። በሁለት ድንጋዮች መካከል ባለ ክፍተት ላይ በእጅህ ምንም ሳትይዝ እግርህን ማሻገር አለብህ፤ ሥሩ ጥልቅ ነው። ከመውጣቱ መውረዱ ይብሳል። ሰዎች ገመድ ይዘው፣ ታች የሚቆምላቸው ሰው ኖሮ እንኳ ልባቸው እየመታ ነው የሚያልፉት። እኔ ደንበኛ ሳይኖረኝ ብቻዬን ስሄድ ሥሩ ቆሜ በእጄ መታ መታ አድርጌው እመለሳለሁ። ፎቶ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ቀዩ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከላይ ያሉ ሰዎች ድንጋይ ይለቁብሃል፤ ሄልሜት አይቀርም።

ዕቃውን በአጭሩ። ድንኳን፣ እስከ ዜሮ ሴንቲግሬድ የሚያሞቅ ስሊፒንግ ባግ (ለሴፕቴምበር ከሆነ ከዜሮ በታች የሚችል)፣ ከመሬት የሚለይ ፍራሽ፣ ምድጃና ጋዝ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ ሁለት ዱላ፣ የግንባር ባትሪ ከትርፍ ድንጋዩ ጋር፣ ሄልሜት፣ የወረቀት ካርታ። የስልክ ካርታም በቤትህ አውርደህ ያዝ፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ጫማህ አዲስ አይሁን። የተለመደውን የጥጥ ቲሸርት ቤት ተወው።

በምግብ ግን እኛን የሚያህል የለም። ደንበኞቼ በ12 ዶላር የታሸገ ደረቅ ፓስታ ሲገዙ እኔ በሶ፣ ቆሎና ቋንጣ ይዤ ነው የምሄደው። በሶ ጋዝ አይፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውሃና በስኳር በጥብጠህ ሌሊት 10 ሰዓት ትጠጣለህ፣ እስከ ረፋድ ይይዝሃል። ጭኮ ደግሞ ከማንኛውም ኢነርጂ ባር ይበልጣል፤ ብርድ ያጠነክረዋል እንጂ አይበላሽም። ችግሩ ቅቤው ይሸታል፤ ለድብ ግብዣ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ግሪዝሊ የለም፤ የመጨረሻው በ1979 በዚሁ በሳን ኋን ተራሮች ደቡብ ክፍል ተገድሏል። ጥቁሩ ድብ ግን አለ። ምግብህን፣ የጥርስ ሳሙናህንና ቅባትህን ሁሉ በድብ መከላከያ ጣሳ ውስጥ ዝጋና ከድንኳንህ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ።

ከድቡ በላይ የሚያስቸግሩህ ግን የተራራ ፍየሎቹ ናቸው። ጨው ስለሚወዱ ሽንት ያሳድዳሉ። አንድ ደንበኛዬ ሌሊት ከድንኳኑ ወጥቶ ሥራውን ሳይጨርስ በባትሪው ብርሃን ስድስት ዓይን ታየው፤ ጩኸቱ ሸለቆውን ቀሰቀሰው። ከድንኳንህ ርቀህ፣ ሣር ላይ ሳይሆን ድንጋይ ላይ ሽና፤ ሣሩን ከነሥሩ እየነቀሉ ያጠፉታል። ዱላህንና ጫማህን ውጭ ጥለህ አትደር፤ ማርሞት የሚሉት እንስሳም ላብ የነካውን እጀታ ይቀረጥፋል።

አሁን ወረቀቱ። አንድ ጊዜ ሰው ጠፋ ተብሎ ሲጠራን ያለን ፍንጭ የመንገድ ዳር መኪና ብቻ ነበር። ሰውየው ለቤቱ «ተራራ ልወጣ ነው» ብሎ ነበር የወጣው። ከመኪናው የሚነሡ ሦስት ሸለቆዎች ነበሩ፤ ሁለቱን ስንፈትሽ አንድ ቀን ተኩል ሄደ። በሦስተኛው ውስጥ፣ ከመንገዱ ስድሳ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። ተርፏል። በሕይወት ያገኘነው ሙቅ ልብስ ስለነበረው ነው።

ስለዚህ ከባለቤትህ ጋር ቁጭ በልና አንድ ገጽ ጻፉ። በየሌሊቱ የት እንደምታድር፣ በየቀኑ የትኛውን ጫፍ በየት በኩል እንደምትሞክር፣ የመመለሻ ሰዓትህን፣ የድንኳንህንና የጃኬትህን ቀለም፣ መኪናህን የት እንዳቆምክና ሰሌዳውን፣ የምትመለስበትን ባቡር። ሰዓቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጻፍ። ይህን የምለው ቀልድ መስሎህ እንዳታልፈው፤ «6 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» የሚለውን ባለቤትህ ቀትር ብላ ስታነብ ሸሪፉ ንጋት ብሎ ያነበዋል። ከዚያ የሳተላይት መልእክት ሰዓት ወስኑ፤ ማታ አንድ ጊዜ ይበቃል። አንድ ማታ ቢቀር አትደንግጥ፣ ባትሪ ወይም ደመና ሊሆን ይችላል። በማግስቱም ማታ ከቀረ፣ ወይም ባቡሩ ላይ ካልተገኘህ፣ ትደውላለች። የት? ኦሮራ ሆና 911 ብትደውል የምታገኘው የኦሮራን ፖሊስ ነው። ፍለጋውን የሚያዝዘው የላ ፕላታ ካውንቲ ሸሪፍ ስለሆነ የእሱን ቢሮ የጥሪ ቁጥር ፈልገህ ወረቀቱ አናት ላይ በትልቁ ጻፍላት። ኮሎራዶ ውስጥ ነፍስ አድን ቡድኖች ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚመጡት እንደ እኔ ያሉ ሥራቸውን ጥለው የሚወጡ ሰዎች ናቸው። ሄሊኮፕተር ያስከፍለናል ብላ እንዳትዘገይ ይህንንም ንገራት፤ የሀበሻ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ሲዘገይ አይቻለሁ። ወደ ሆስፒታል የሚወስድህ አምቡላንስ ግን ሌላ ሂሳብ ነው፤ ኢንሹራንስህን አስቀድመህ ጠይቅ።

ብቻዬን መሆን ፈልጌያለሁ ያልከውን አልፌው አልሄድኩም። ገብቶኛል። ዘጠኝ ዓመት ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ሲሮጥ የኖረ ሰው ፀጥታ ይናፍቀዋል። ሁለተኛው ሌሊት ላይ፣ ባቡሩም ሰዎቹም ከጆሮህ ወጥተው የጅረቱ ድምፅ ብቻ ሲቀር፣ የመጣህበትን ታገኘዋለህ። የሳተላይት ዕቃው ያንን አይነካብህም፤ ማታ አንድ መሥመር ጽፈህ ዝጋው።

ከጉዞው በፊት ግን አንድ ሙከራ አድርግ። ሙሉውን ሸክም ተሸክመህ ቅርብ የሆነ ቦታ፣ ከመኪናህ ሁለት ሰዓት የማይርቅ፣ ብቻህን አንድ ሌሊት እደር። ሌሊቱን ሙሉ ለእያንዳንዱ ኮሽታ ስትነሣ ካደርክ ሁለተኛ ድገመው። ስሊፒንግ ባግህ ይቀዘቅዝ እንደሆነ፣ ምድጃህ በነፋስ ይጠፋ እንደሆነ የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው።

የመሄጃ ቀንህን ስትወስን ወረቀቱን ለባለቤትህ ከሰጠህ በኋላ አንድ ቅጂ ለእኔም ላክልኝ። ስትመለስ ደግሞ በስንት ሰዓት እንደዞርክ ንገረኝ። ጭኮ ከተረፈህም አልጠላም።